ላቴ ያዘዘ፣ ወተት ይጠጣል

ወደ ኢጣሊያ የሚጓዝ አማርኛ ተናጋሪ ከጃፓን ወይም ከብራዚል ከሚመጣው ጎብኚ የሚለይበት አንድ ችግር አለበት፤ ይኸውም አገሩን ከመርገጡ በፊት ቋንቋውን በከፊል የሚያውቀው መስሎ የሚሰማው መሆኑ ነው። ጃፓናዊው አንድም ቃል እንደማያውቅ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ መዝገበ ቃላት ይገዛል፣ ስልኩ ላይ አስተርጓሚ ይጭናል፣ ከዚያም በትሕትና ይሄዳል። የአዲስ አበባው ሰው ግን ፒያሳ ሲመላለስ፣ መርካቶ ሲገበያይ፣ ካዛንቺስ ሲያመሽ፣ ፓስታውን በስጎ ሲበላ፣ ቢራውን ባንኮኒ ተደግፎ ሲጠጣ፣ በመጨረሻም ወዳጁን «ቻው» ብሎ ሲሰናበት የኖረ በመሆኑ፣ ሮማ ውስጥ የሚቸገርበት ምክንያት አይታየውም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ እነዚህ ቃላት ከትውልድ አገራቸው ከወጡ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ አማርኛ ያሳደጋቸው፣ በሰው አገር እንደኖረ ዘመድ ሁሉ ጠባያቸውም ኑሯቸውም የተለወጠ ስለሆኑ፣ እዚያ ከቀሩት ወንድሞቻቸው ጋር ሲገናኙ አይተዋወቁም።

ይባስ ብሎ አማርኛ ተናጋሪው ያለው የኢጣሊያንኛ ሀብት አብዛኛው የተገኘው ከጋራዥ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፤ ይህን ሁሉ ይዞ ሮማ የገባ ሰው አልጋ ለመያዝም ሆነ ሕመሙን ለሐኪም ለመንገር የሚበቃ ቃል ባይኖረውም፣ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ፈትቶ ለመግጠም የሚበቃ ቋንቋ ግን አለው። ይህም ሀብት ቢሆን ሳይመረመር መመንዘር የለበትም። ለምሳሌ «ካንዴላ» በኢጣሊያንኛ በመጀመሪያ ደረጃ ሻማ ማለት ሲሆን፣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረው ዕቃ ስሙን የተዋሰው ከሻማው ነው። ስለዚህ በአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ የካንዴላ ዋጋ የተለጠፈበት የገንዘብ ሳጥን ያየ የአዲስ አበባ ሹፌር፣ ካህናቱ በመለዋወጫ ንግድ ተሰማርተዋል ብሎ ከመደምደሙ በፊት ጥቂት መታገሥ ይገባዋል። «ቦሎ» የሚለውም ቃል እንዲሁ የመኪና መስታወት ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ሰፋ ያለ ትርጉም ስላለው፣ በጠቅላላው የመንግሥት ቴምብርን ያመለክታል፤ የሚሸጠውም በሩ ላይ ትልቅ «ቲ» ፊደል በተሰቀለበት ሱቅ ነው። ከነዚህ ሱቆች አንዳንዶቹ ዛሬም «ጨውና ትንባሆ» የሚል የቆየ ሰሌዳ አላቸው፤ ጨው እስከ 1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንግሥት ብቻ የሚሸጠው ሸቀጥ ስለነበር፣ ሕጉ ቢሻርም ሰሌዳውን የሚያወርድ ሰው አልተገኘም። የአውቶቡስ ቲኬትም የሚገዛው ከዚሁ ሱቅ ነው፤ ነገር ግን ቲኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ባለው መሣሪያ ካልተመታ በስተቀር፣ ኪስ ውስጥ ያለው ቲኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጥሩ ዓላማ እንደነበረ ከማስረዳት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ቃል የተዋሰው አማርኛ ብቻ እንዳልሆነ መጠቀስ አለበት። የሮማ ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ይባላል፤ ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ደግሞ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ»፣ ማለትም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አውቶቡስ ለመያዝ በየቀኑ የሚያቋርጠው ሕዝብ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ቢጠየቅ ብዙው አይመልስም፤ ኢትዮጵያዊው ግን ጓዙን መሬት አስቀምጦ ሊያስረዳ ይችላል፣ ምክንያቱም በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር ወታደሮች ናቸው። «ራስ» የሚለውም ማዕረግ ከዚያ በኋላ ወደ ኢጣሊያንኛ ገብቶ፣ በፋሺስት ዘመን በየአውራጃው እንደ ልባቸው ይሆኑ የነበሩ የፓርቲ አለቆች መጠሪያ ሆነ፤ ዛሬም ቢሆን አንድን የአካባቢ ጉልበተኛ ለመሸርደድ ይነገራል። ከሁሉም የሚገርመው ግን «አምባራዳን» ነው። ይህ ቃል በ1936 ከፍተኛ ውጊያ ከተደረገበት ከአምባ አራዶም ተራራ ስም የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ዝብርቅርቅ፣ ትርምስ፣ መላ ቅጡ የጠፋ ነገር ማለት ነው። ስለሆነም አንዲት የሚላኖ እናት የልጆቿን ክፍል ከፍታ «ይህ ምን ዓይነት አምባራዳን ነው!» ብላ ስትጮህ የትግራይን ተራራ መጥራቷን አታውቅም፤ የአዲስ አበባ ወጣትም «ቻው» ሲል ቃሉ ከቬኔሲያ መምጣቱን እንደማያውቀው ሁሉ።

የጎብኚው እውነተኛ ፈተና ግን ያለው በቡናው ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ቃላቱ ብቻ ሳይሆኑ ቤቶቹም ስም ተለዋውጠዋል። በአዲስ አበባ ቡናና ኬክ የሚገኝበት ቤት «ካፌ»፣ መጠጥ የሚጠጣበት ቤት ደግሞ «ባር» ነው። በኢጣሊያ «ካፌ» በመጀመሪያ የቡናው ስም ሲሆን፣ ቡናው የሚጠጣበት ተራ ቤት «ባር» ይባላል። ባሩ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፤ መነኩሲቷ፣ ፖሊሱ፣ የጽዳት ሠራተኛውና የፍርድ ቤት ጠበቃው ጎን ለጎን ቆመው ይጠጡበታል፤ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ይገቡበታል። ስለዚህ ሮማ የሚማር ወጣት ለእናቱ ደውሎ «ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ባር ጎራ እላለሁ» ሲል ያለ ማብራሪያ ስልኩን መዝጋት የለበትም፤ ከዘጋው፣ ወሬው ምሽቱን ለነፍስ አባት ይደርሳል።

ወደ ባሩ የገባው እንግዳ «ማኪያቶ» ብሎ ያዛል። የሚቀርብለት ከሲኒው ሥር የምትታይ አንድ ጉንጭ ጥቁር ቡና ስትሆን፣ አናቷ ላይ አንዲት የወተት ነቁጥ አለች። ይህ የአሳላፊው ንፉግነት አይደለም፤ «ማኪያቶ» ማለት ቃል በቃል «ያደፈ» ወይም «ነቁጥ ያለበት» ስለሆነ፣ ቡናው በወተት ጥቂት አድፏል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ከእድፍነት አልፎ ወደ ሙሉ እጥበት ስለደረሰ፣ ማኪያቶ ማለት ከሥሩ ጥቁር፣ ከመካከሉ ቡናማ፣ ከላዩ ነጭ አረፋ ሆኖ እንደ ጥበብ ልብስ ጥለት የሚነበብ፣ «ጠቆር ይበል»፣ «ነጣ ይበል» እየተባለ እንደ ጠጪው ጠባይ የሚቀመም መጠጥ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ክርክር ውስጥ ገለልተኛ አይደለም፤ የአዲስ አበባው ይበልጣል። እንግዳው የአገሩን የመሰለ ነገር ከፈለገ ግን «ላቴ ማኪያቶ»፣ ማለትም «በቡና ያደፈ ወተት» ቢል ወደሚፈልገው ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ቃል መርሳት ከባድ መዘዝ አለው፤ «ላቴ» ብቻውን ወተት ማለት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ልማድ ተደፋፍሮ «አንድ ላቴ» ያለ ሰው፣ ሥራ ለመግባት በሚጣደፉ ጎልማሶች መካከል ቆሞ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወተት ይጠጣል። «ስፕሪትዝ» የሚል ጽሑፍ አይቶ፣ የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ ይመጣልኛል ብሎ ያዘዘ ሰው የሚገጥመው ደግሞ ከወይን ጠጅና ከመራራ አረቄ የተቀላቀለ ብርቱካንማ መጠጥ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሰው ወተት በመጠጣቱ ማመስገን አለበት።

ካፑቺኖ ደግሞ ሰዓት አለው። ስሙን ያገኘው ካፑቺኒ ከሚባሉት፣ ባለ ቆብ ቡናማ ቀሚስ ከሚለብሱ የካቶሊክ መነኮሳት ነው፤ እንደ መነኮሳቱም ሁሉ በሥርዓት ይኖራል። የአገሬው ሰው ካፑቺኖን የሚጠጣው ለቁርስ፣ ሮማ ላይ «ኮርኔቶ» (ትንሽ ቀንድ) በሰሜን ደግሞ «ብሪዮሽ» ከሚባለው ጣፋጭ ዳቦ ጋር ነው። በእነርሱ ሰዓት 11፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ረፋዱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ይልቁንም ከምሳ በኋላ፣ ካፑቺኖ የሚያዝ ሰው ይቀርብለታል እንጂ አይከለከልም፤ ሆኖም አሳላፊው ለጨጓራው አዝኖለት ነው የሚያቀርብለት፣ ወተት በሞላ ሆድ ላይ ሲጨመር መፈጨትን ያውካል የሚል የጸና እምነት አለና። ለሌላው ጎብኚ ይህ ሕግ እንግዳ ነገር ነው፤ ለኢትዮጵያዊው ኦርቶዶክስ ግን «ወተት በዚህ ሰዓት አይሆንም» የሚል ቃል የአገር ቤት ድምፅ ነው። ልዩነቱ የእርሱ ሕግ ከሰዓቱ በተጨማሪ ቀኑንም የሚቆጥር መሆኑ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ማንም ሰው ካፑቺኖ በሚጠጣበት በተፈቀደው ሰዓት፣ ጥቁር ቡና ብቻ ሲያዝ የሚያየው አሳላፊ ይህን እንግዳ ከኢጣሊያውያንም የባሰ ጥብቅ ኢጣሊያዊ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚፈጸመው ለመናገር ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ፍጥነት ነው። «ኤስፕሬሶ» የሚለው ስም ለአዛዡ ሰው ተብሎ በቅጽበት የሚሠራ ቡናን የሚያመለክት ሲሆን፣ በተለመደው መለኪያ 7 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና በ25 ሰከንድ ገደማ ውስጥ በኃይለኛ ግፊት ይጨመቃል። ወደዚህ ለመድረስ ግን ስድሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። አንጀሎ ሞሪዮንዶ የተባለ የቶሪኖ ሰው በ1884 በእንፋሎት የሚሠራ የቡና መሣሪያ አስመዘገበ፤ በ1901 የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ሲኒ በሲኒ የሚያወጣ ሌላ መሣሪያ አሻሽሎ አቀረበ፤ ዘመኑ የባቡር ዘመን ስለነበር ቡናውም እንደ ባቡሩ እያፏጨና እየተነፈሰ፣ አንዳንዴም እያረረ ይወጣ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጃ፣ እርሱም የሚላኖ ሰው፣ በእንፋሎት ፈንታ በእጅ በሚሳብ ዘንግ ውኃውን በኃይል የሚገፋ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ቡናው አናት ላይ ወርቃማ አረፋ ብቅ አለ። ጠጪዎቹ ይህ ግሳንግስ ምንድን ነው ብለው ሳይጨርሱ «የቡና ክሬም» የሚል ስም ተሰጠው፤ በስሙም ምክንያት ተወደደ፣ ዛሬ ያለዚህ አረፋ የቀረበ ኤስፕሬሶ ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ካፌዎች ባንኮኒ ላይ እንደ ታቦት ተከብሮ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ማሽን ከዚሁ ዘር የተወለደ ነው።

ሦስት ጉንጭ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ «ቡዎን ጆርኖ»፣ ከዚያ መንገድ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ዕጣን አጢሶ፣ የሰፈሩን ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳርሶ አንድ ረፋድ በሙሉ ለቡና የሚሰጥ ሕዝብ ይህን ሲያይ፣ ጣሊያኖች ቡና ጠጥተው ሳይሆን ክትባት ተከትበው የወጡ ይመስለዋል። በቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይረጋጋል። አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 ለገበያ ያቀረባት ባለ ስምንት ማዕዘን የአሉሚኒየም ጀበና «ሞካ» ትባላለች፤ ስሟ የመን ውስጥ ካለው የድሮ የቡና ወደብ ከሞካ የተወሰደ ሲሆን፣ በኢጣሊያ ሞካ የሌለበት ማዕድ ቤት ማግኘት ጀበና የሌለበት የኢትዮጵያ ቤት እንደማግኘት ነው። የመሥራቹ ልጅ ሬናቶ ቢያሌቲ በ2016 ሲያርፍ አመዱ በሞካ ቅርጽ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ተቀመጠ፤ ካህኑም ባርከው ሸኙት። ቡና ይወዳል የሚባል ኢትዮጵያዊ ብዙ አለ፤ በጀበና ልቀበር ያለ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ሰው በሚበዛባቸው ባሮች፣ በተለይ በባቡር ጣቢያና በከተማ መካከል ባሉት፣ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ይከፈላል፣ «ስኮንትሪኖ» የሚባለው ደረሰኝ ይወሰዳል፣ ደረሰኙ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ከዚያ ይታዘዛል። ይህን ያላወቀ እንግዳ ባንኮኒው ፊት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከኋላው የመጡ አሥር ሰዎች ጠጥተው ሲወጡ ያያል። አሠራሩ ኢትዮጵያውያን በቡድን ሲገቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በአገር ቤት «በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚለው ግብግብ የሚነሣው ከተበላና ከተጠጣ በኋላ፣ ሁሉም ጠግቦ፣ ጊዜ ተርፎ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም፤ ቴርሚኒ ጣቢያ ላይ ግን ግብግቡ ገና ቡናው ሳይታዘዝ፣ ባቡር ሊያመልጠው የደረሰ ሰልፈኛ ከኋላ ቆሞ እያለ ይነሣል። ለሁለት ቡና ሲሉ ሁለት ጎልማሶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን ገንዘብ ወደ ኪሱ መልሶ ሲከት ያየች ገንዘብ ተቀባይ፣ ፖሊስ ልጥራ ወይስ አልጥራ ብላ ብታመነታ አይፈረድባትም። ናፖሊ ለዚህ ጠባይ የተሻለ መላ አላት፤ በዚያ «ካፌ ሶስፔዞ»፣ የተንጠለጠለ ቡና፣ የሚባል የቆየ ልማድ ስላለ፣ ደግ ሰው ለአንድ ሲኒ ሁለት ከፍሎ ይሄዳል፣ ሁለተኛውንም ገንዘብ ያጠረው ሰው ሲመጣ ይጠጣዋል። ለመክፈል የሚታገለው ሁለተኛው ወዳጅ ገንዘቡን በዚህ በኩል ቢያወጣ ሰላም ይሰፍናል።

ከሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያዊ የሚከብደው ግን መቆም ነው። በኢትዮጵያ ቤት የእንግዳ አቀባበል የሚጀምረው «ተቀመጥ እንጂ» በሚል ቃል ነው፤ ቆሞ የጠጣ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ሞት ተነግሮታል። በኢጣሊያ በአንጻሩ ያው ቡና በባንኮኒ አንድ ዋጋ፣ በጠረጴዛ ሌላ ዋጋ አለው፤ ሁለቱም ዋጋ በግድግዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል። የባንኮኒውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ የመያዝ ልማድ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቶች ቆሞ ለሚጠጣ ቡና የዋጋ ጣሪያ እንዲያወጡ ከተፈቀደበት ጊዜ ጀምሮ የመጣ ነው፤ ቡና ለሠራተኛው እንደ ዳቦ ተቆጥሮ ስለነበር፣ ወንበሩ ግን ቅንጦት ሆኖ ቀረ። የዚህ ቅንጦት ጫፍ የሚታየው ቬኔሲያ ውስጥ፣ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ፣ ከ1720 ጀምሮ በተከፈተው ካፌ ፍሎሪያን ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ለቡናው ይከፍላል፣ ለወንበሩ ይከፍላል፣ ሙዚቀኞቹ በሚጫወቱበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ለሙዚቃው ተለይቶ ይጨመርበታል፤ ጆሮ መድፈን ሒሳቡን አያስቀንስም። በነፃ ልቀመጥ ያለ ሰው ሮማ ወደሚገኘው፣ ከ1723 እስከ 1725 ወደተሠራው ወደ ስፓኝ ደረጃ ቢሄድ፣ ከ2019 ወዲህ ደረጃው ላይ መቀመጥ ስለተከለከለ፣ ፊሽካ የያዘ ፖሊስ ያስነሣዋል፤ እምቢ ካለም እስከ 400 ዩሮ ይቀጣል። በመላው ኢጣሊያ ውስጥ በእርግጠኝነት በነፃ የሚቀመጡበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ እርሱም ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ እንደሆነ ነው።

ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ መቀመጡ ራሱ «ኮፔርቶ» የሚባል ስም አለው። ቃሉ «ለማዕድ የሚነጠፈው» ለማለት ያህል ሲሆን፣ ዳቦውን፣ ጨርቁንና ሹካውን ሰበብ አድርጎ በነፍስ ወከፍ ጥቂት ዩሮ የሚጨምር ሒሳብ ነው። ሮማ ያለችበት ላትሲዮ ክልል በ2006 ኮፔርቶን በሕግ ከለከለ፤ ብዙ ምግብ ቤቶችም ሕጉን አክብረው ኮፔርቶን ሰርዘው፣ በቦታው «ዳቦ» ብለው ጻፉ።

ፓስታው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጀምራል። ፓስታ በኢጣሊያ «ፕሪሞ»፣ ማለትም የመጀመሪያው ምግብ ነው፤ ሥጋው ወይም ዓሣው ከእርሱ በኋላ «ሴኮንዶ» ሆኖ ለብቻው ይቀርባል። ስፓጌቲውን በቢላ መቁረጥ፣ ዓሣ ያለበት ፓስታ ላይ አይብ መነስነስ፣ ፓስታውን ከሰላጣ ጋር በአንድ ሳህን መጨመር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሲቀቀልም «አል ዴንቴ»፣ ጥርስ ሥር የሚነከስ ነገር እስኪተርፈው ብቻ ነው፤ እናቶች «ትንሽ ይብሰል» ብለው ወደ ድስቱ የሚመልሱትን ያህል ማለት ነው። ፓስታ በእንጀራ እየጠቀለሉ መጉረስ የሚባል ነገር በአዲስ አበባ እንዳለ ለአንድ የቦሎኛ ወጥ ሠሪ መንገር አይገባም፤ ሁለቱ አገሮች ብዙ ክፉ ቀን አሳልፈው የታረቁ ስለሆነ፣ አዲስ ምክንያት መፍጠር ጥሩ አይደለም።

ሆኖም በዚህ ሁሉ እገዳ መካከል ለኢትዮጵያዊው የተጠበቀች አንዲት የክብር ቦታ አለች። ፓስታው አልቆ ስጎው ሳህኑ ላይ ሲቀር፣ ቁራሽ ዳቦ በጣት ይዞ ሳህኑን ዙሪያውን መጥረግ «ፋሬ ላ ስካርፔታ»፣ «ትንሿን ጫማ ማድረግ» ይባላል። ጨዋ ነኝ የሚለው ጣሊያን በሰው ፊት ሲያደርገው ጥቂት ያፍራል፤ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ዳቦውን በሹካ ወግቶ፣ እንደ ሌባ ነካ ነካ ያደርጋል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የወጥ ዳር በእንጀራ ሲያነሣ የኖረው እንግዳ ግን ያለ ልምምድ፣ ያለ እፍረት፣ በሦስት ጣት፣ አንድም ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ሳይጥል፣ ከሳህኑ ጠርዝ ጀምሮ ወደ መካከል ሰብስቦ ሲያነሣው፣ ሳህኑ የታጠበ ይመስላል። አሮጊቷ ባለ ቤት ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ ይህን ካየች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳው የሚያጠፋው ጥፋት ሁሉ፣ የከሰዓት በኋላው ካፑቺኖ ጭምር፣ ይቅር ይባልለታል።

በሌላም ነገር ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ተስማምተዋል። ጣሊያኖች «ኮልፖ ዳሪያ»፣ የአየር ምት፣ የሚሉትን ነገር ከልባቸው ይፈራሉ፤ ላብ ያረፈበትን አንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ካገኘው፣ አንገት ይደርቃል፣ ሆድ ይታወካል፣ ሳምንቱ ይበላሻል። እንግሊዛዊው ጎብኚ በባቡር ውስጥ መስኮት ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ ሲያወግዘው ግራ ይጋባል። ምች የሚያውቅ፣ ዳማከሴ የታሸ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ በሙሉ አውቶቡስ መስኮት ሳይከፈት የተጓዘ ሰው ግን ከተሳፋሪዎቹ ጋር አብሮ ይጮሃል፤ ምናልባትም በዚያ ጉዞ ውስጥ አንድም ቃል ሳይሳሳት የተግባባበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

«ቻው» ግን ብቻውን አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ቃሉ ከቬኔሲያ ቀበልኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነበር። በአማርኛ የመለያያ ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ፤ በኢጣሊያ ግን ሲገናኙም ሲለያዩም ይባላል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ፊቱን የለመደው ወጣት አሳላፊ ገና ከበሩ ሲያየው «ቻው!» ሲለው፣ እንግዳው ምን አጥፍቼ ነው የሚያሰናብተኝ ብሎ ባለበት ይቆማል። እንግዳው በተራው በዕድሜ የገፉትን የባሩን ባለቤት «ቻው» ቢላቸው ደግሞ አንቱ የሚባሉትን ሰው አንተ እንዳለ ይቆጠራል፤ ለእርሳቸው «ቡዎን ጆርኖ» ይገባል፣ ሲያነጋግሯቸውም «ሌይ» ይባላሉ። «ሌይ» ደግሞ ከክብር መጠሪያነቱ ሌላ «እሷ» ማለት ስለሆነ፣ ባለ ሪዙ ጄኔራልም፣ ጳጳሱም፣ ዳኛውም በአክብሮት ሲጠሩ «እሷ» ናቸው። ሙሶሊኒ በ1938 ይህን አነጋገር ለወንድ የማይመጥን ነው ብሎ በ«ቮይ»፣ «እናንተ»፣ እንዲተካ አዝዞ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ትእዛዙንም አዛዡንም አሳልፎ፣ ዛሬም የተከበረውን ሰው «እሷ» ይለዋል።

ይህን ሁሉ የተማረ ጎብኚ ነሐሴ ላይ ባይሄድ ይመረጣል፤ ኦገስት 15 «ፌራጎስቶ» የሚባለው፣ ሥሩ ከአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የሚመዘዝ በዓል ስለሆነ፣ በእርሱ አካባቢ ያሉት ሳምንታት በየባሩ በር ላይ «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት የሚለጠፍባቸው ናቸው። ሌላውን ጊዜ ግን፣ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ ከፍሎ ማዘዝን፣ ቆሞ መጠጣትን፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ወተት አለመንካትን፣ በሦስት ጉንጭ ጨርሶ ሲኒውን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ መውጣትን ይለምዳል።

ከዚያ ቦሌ ይወርዳል። ዘመድ ተቀብሎት፣ በመንገድ ላይ ከሚገኝ ካፌ ቁጭ ብለው ማኪያቶ ያዝዛሉ። ጥቁሩ ከሥር፣ ነጩ ከላይ ሆኖ ሲቀርብለት ጎብኚው በማንኪያው አረፋውን ከፈት አድርጎ ያያል፤ ከዚያም ለአስተናጋጇ፣ በታላቅ ትዕግሥት፣ ይህ ማኪያቶ እንዳልሆነ፣ ማኪያቶ ማለት «ያደፈ» ማለት እንደሆነ፣ ይልቁንም ከቀትር በኋላ ወተት ለጨጓራ እንደማይስማማ ማስረዳት ይጀምራል። አስተናጋጇም እስኪጨርስ ጠብቃ፣ ስኳሩን ወደ እርሱ አስጠግታ፣ «ይቀዘቅዝብሃል» ብላው ትሄዳለች።